ሰውየው ሄደ፤ ነገሩ ቀረ

ባለፈው ወር በተማሪዎች አዳራሽ በተደረገው የክርክር ምሽት የተገኛችሁ ጓደኞቼ እንደምታስታውሱት፣ የክርክሩ ርእስ «ከሥልጣን የወረደ መሪ በጦር ወንጀል ሊከሰስ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» የሚል ነበር። እኔ «ይገባዋል» ከሚሉት ወገን ተሰልፌ ተናገርሁ። ሕግ ለደካማ ብቻ የተሠራ ሰንሰለት መሆን የለበትም፤ ዶሮ የሰረቀ እየታሰረ አገር ያቃጠለ በጡረታ ሊኖር አይገባውም አልሁ። ጭብጨባው ደመቀልን፤ እጅ ሲቈጠርም አሸነፍን።

ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ከመምህሮቻችን አንዱ ጠጋ ብለው፣ «መልካም ተናገርህ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ቀረህ። ሰውየው በተከሰሰ ማግሥት እነማን ያኰርፋሉ? ያኰረፉትስ ጠመንጃ አላቸው ወይስ የላቸውም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፈገግ ብዬ አለፍሁ እንጂ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጭብጨባ የተቀበልሁት ግማሹን ጥያቄ ብቻ መልሼ እንደ ሆነ ገባኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለቀረው ግማሽ መልስ ለመፈለግ ነው። ሐሳቤን አልለወጥሁም፤ አሁንም «ይከሰስ» ባይ ነኝ። ነገር ግን መክሰስ አንድ ነገር ሲሆን ፍርዱን የራስ ማድረግ ሌላ ነገር መሆኑን ሳልለይ መናገሬን ዛሬ አምናለሁ። ይህን ያስተማረችኝ አገር ሰርቢያ ናት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ሰርቢያ ለእኛ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ዩጎዝላቪያ ሲባል የሚያስታውሱት ማርሻል ቲቶን ነው፤ በ1955 ወደ አገራችን መጥተው ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1961 የገለልተኛ አገሮች የመጀመሪያ ጉባኤ በቤልግሬድ ሲደረግ ተገኝተዋል። ያች ብዙ ሕዝቦችን በአንድ ባንዲራ ሥር ያኖረች አገር ከ1991 ጀምሮ ፈራረሰች። በክሮኤሺያ፣ በቦስኒያ፣ ቈይቶም በኮሶቮ ጦርነት ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት የሰርቢያን ሥልጣን ጨብጦ የነበረው ስሎቦዳን ሚሎሼቪች ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በ1993 በሄግ ከተማ ልዩ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ ይኸው ፍርድ ቤት በሜይ 1999 ሚሎሼቪችን በኮሶቮ ስለ ተፈጸመው ግፍ ከሰሰው። በሥልጣን ላይ ያለ ርእሰ ብሔር በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሲከሰስ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ የመምህሬ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ክስ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ማን ይዞ ያቅርበው?

በሴፕቴምበር 2000 ሚሎሼቪች በምርጫ ተሸነፈ። መሸነፉን አላምንም ቢል፣ ኦክቶበር 5 ቀን ሕዝቡ ከየአውራጃው ወደ ቤልግሬድ ጐርፎ ፓርላማውን ያዘ። ለዚህ ቀን መምጣት ተማሪዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በ1998 መንግሥት የዩኒቨርሲቲዎችን ነጻነት የሚገፍ ሕግ ሲያወጣ የቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ኦትፖር» (ተቃውሞ ማለት ነው) የሚባለውን እንቅስቃሴ የመሠረቱት በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ታሪኩ የእኛ ብጤዎችም ታሪክ ነው።

ያሸነፈው የ18 ፓርቲዎች ጥምር ነበር፤ ጥምሩም ሁለት ራስ ነበረው። የፌዴራሉ ፕሬዚዳንት ቮይስላቭ ኮሽቱኒሳ የሕግ ሰው ነው። የሰርቢያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዞራን ጂንጂች ደግሞ የፍልስፍና ሰው ነው፤ በተማሪነቱ ዘመን በ1974 ነጻ የተማሪዎች ቡድን ለማቋቋም ሞክሮ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ነው። ያን ጊዜ ዩጎዝላቪያ የምትባለው አገር ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ብቻ የቀሩባት ፌዴሬሽን ስለ ነበረች፣ ኮሽቱኒሳ ላይኛውን ወንበር፣ ጂንጂች ደግሞ ፖሊሱንና ገንዘብ ቤቱን ይዘው ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለቱም ሚሎሼቪች ለፍርድ እንዲቀርብ ይፈልጉ ነበር። የተለያዩት «የት?» እና «በማን ሕግ?» በሚለው ነው። ኮሽቱኒሳ «ራሳችን እንፍረድበት፤ አሳልፈን የምንሰጥበት ሕግ የለንም» ይል ነበር። ጂንጂች በበኩሉ «አገሪቱ በዕዳና በማዕቀብ ደቃለች፤ ዓለም እየጠበቀን ነው፤ ጊዜ የለንም» ይላል። የአሜሪካ ምክር ቤት ለርዳታ የመጨረሻ ቀን አድርጎ የቈረጠው ማርች 31 ቀን 2001 ነበር። ሚሎሼቪችም በዚያው ሌሊት መኖሪያ ቤቱ ተከቦ፣ ከጠባቂዎቹ ጋር ተኵስ ተከፍቶ፣ በማግሥቱ ኤፕሪል 1 ጎሕ ሳይቀድ ተያዘ። በቤልግሬድ የተከሰሰበት ነገር ግን ጦርነቱ አልነበረም፤ በሥልጣን መባለግና የመንግሥትን ገንዘብ ማባከን ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ የመጣው ቀን ጁን 28 ቀን 2001 ነው። በጁን 23 የፌዴራሉ መንግሥት ከሄግ ፍርድ ቤት ጋር ለመተባበር ድንጋጌ አውጥቶ ነበር። በ28ኛው ቀን የፌዴራሉ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድንጋጌው እንዳይሠራ አገደው። የጂንጂች መንግሥት ግን በዚያው ቀን ተሰብስቦ የሰርቢያን ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ጠቀሰና እገዳውን አልፎ ሄደ። ከምሽቱ በፊት ሚሎሼቪች ከወኅኒ ወጥቶ በሄሊኮፕተር ወደ ቦስኒያ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ተወሰደ። በማግሥቱ ጁን 29 ቀን በብራስልስ የተሰበሰቡት ርዳታ ሰጪዎች 1.28 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመስጠት ቃል ገቡ።

ቀኑንም እዩት። ጁን 28 ለሰርቦች የቅዱስ ቪድ ቀን ነው፤ በ1389 በኮሶቮ ሜዳ ከቱርኮች ጋር የተዋጉበት መታሰቢያ ነው። ሚሎሼቪች ራሱ በ1989 በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሜዳ፣ ስድስት መቶኛው ዓመት ሲከበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ሰብስቦ ስሙን ያገነነበትን ንግግር አድርጎ ነበር። ልክ በ12 ዓመቱ ተላልፎ ተሰጠ። ለደጋፊዎቹ ይህ ፍርድ ሳይሆን ስድብ ሆኖ ታያቸው።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» ይላሉ። በሰርቢያ የሆነው ይኸው ነው። ሰውየው እንዲሄድ የሚፈልጉ ብዙዎች ነበሩ፤ አካሄዱን ግን የወደዱት ጥቂቶች ነበሩ። ለምን? ፍርድ ቤት ሲያግድ መንግሥት ስለ ተሻገረ፤ ሰውየው ከሄደ በማግሥቱ ገንዘብ ስለ ተቈጠረ፤ ስለዚህ «ለፍርድ ሄደ» ከማለት «ተሸጠ» ማለት ለብዙ ሰው ቀላል ስለ ሆነ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ሽያጩም አልተሳካም። ከመጀመሪያው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለድሮ ዕዳ እንደ ተያዘ ጂንጂች ራሱ በዚያው በጋ በምሬት ተናግሯል።

አሁን «እነማን ያኰርፋሉ?» ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ።

መጀመሪያ ያኰረፉት ሹማምንቱ ናቸው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ዞራን ዢዢች በማግሥቱ ሥራውን ለቀቀ። ኮሽቱኒሳ የተደረገው ሕገ ወጥ ነው ብሎ በግልጽ አወገዘ፤ ሁለት ወር ሳይሞላም ፓርቲው ከሰርቢያ መንግሥት ወጣ። በኦክቶበር 5 አብረው ሚሎሼቪችን የጣሉ ሰዎች በዓመቱ በአንድ ጠረጴዛ የማይቀመጡ ባላንጣዎች ሆኑ። ሁለቱ ወገኖች ስለ ግብርና ስለ ትምህርት ቤት ሊነጋገሩበት የሚገባው ጊዜ «አገር ወዳድ ማን ነው? ከሃዲስ ማን ነው?» በሚል ጭቅጭቅ አለቀ። ሁለተኛው ሹም ያደረገው ደግሞ የሚያሰቅቅ ነው። በኮሶቮ ጦርነት ጊዜ የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበረው ቭላይኮ ስቶይልኮቪች ከሚሎሼቪች ጋር በአንድ መዝገብ የተከሰሰ ነበር። ከሄግ ጋር የመተባበሩ ሕግ በፌዴራሉ ፓርላማ በጸደቀበት ቀን፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2002፣ በፓርላማው ደረጃ ላይ ቆሞ ራሱን በሽጉጥ መታ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሞተ።

ጠመንጃ ያላቸው አኵራፊዎች ግን ሌሎች ነበሩ። በሚሎሼቪች ዘመን የጸጥታው መሥሪያ ቤት ያቋቋመው «ቀይ ቆቦች» የሚባል ልዩ ጦር ነበረ። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሲገድል፣ በሰላም ጊዜ ከወሮበሎች ጋር ሲነግድ የኖረ ጦር ነው። በኦክቶበር 2000 ዋዜማ አዛዡ ከጂንጂች ጋር ተገናኝቶ ሕዝቡ ላይ እንደማይተኵስ ቃል ሰጠ፤ ቃሉንም ጠበቀ። በዚህም ምክንያት አዲሱ መንግሥት ጦሩን ሳይበትን፣ ሳይመረምር፣ ከነመሣሪያው ተወው። ለሰላማዊ ለውጥ የተከፈለ ዋጋ ነው ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የተከፈለው በብድር ነበር፤ ወለዱም ቈይቶ መጣ።

በኖቬምበር 2001 የዚህ ጦር ሰዎች ለሄግ የሚፈለጉ ሁለት ወንድማማቾችን ይዘው አስረከቡ። ያስረከቧቸው ሰዎች ማን እንደ ሆኑ አልተነገረንም አሉና ዐመፁ፤ በብረት ለበስ መኪና የቤልግሬድን አውራ መንገድ ዘጉ። መንግሥት አልቀጣቸውም፤ እንዲያውም የጸጥታው ሹም ከቦታው ተነሣላቸው። ከዚህ በኋላ በአገሪቱ ውስጥ ማን ማንን እንደሚፈራ ግልጽ ሆነ።

ማርች 12 ቀን 2003 እኩለ ቀን ላይ ዞራን ጂንጂች በቤልግሬድ ከመንግሥቱ ሕንጻ በር ላይ ከመኪና ሲወርድ ከሩቅ በተተኰሰ ጥይት ተገደለ። ዕድሜው 50 ነበር። የገደለው የቀይ ቆቦች ባልደረባ ነው፤ ሤራውን የመራውም ያው በ2000 ቃል የሰጠው የቀድሞው አዛዥ ከወሮበሎች ቡድን ጋር ሆኖ ነው። ፍርድ ቤት በ2007 ዐሥራ ሁለት ሰዎችን ጥፋተኛ ሲላቸው፣ ለሁለቱ ማለት ለተኳሹና ለአዛዡ የ40 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። ሰዎቹ ሤራቸውን «ሄግን አቁም» ብለው ሰይመውት እንደ ነበር ታውቋል። አንዳንዶች «የገደለው ሄግ ነው» ይላሉ። በበኩሌ አልቀበለውም። የገደለው ያልተበተነው ጦር ነው። አለቃውን ወደ ፍርድ ልኮ መሣሪያውን በቤቱ ያስቀመጠ መንግሥት ምን ይጠብቅ ነበር?

ከግድያው በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች ተያዙ፤ ቀይ ቆቦችም ያን ጊዜ ተበተኑ። በዚያ ምርመራ ምን ተገኘ? የኢቫን ስታምቦሊች ዐጽም። ስታምቦሊች የሚሎሼቪች የቀድሞ ወዳጅና አሳዳጊ፣ የሰርቢያም ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው፤ በኦገስት 2000 ከምርጫው በፊት ተጠልፎ ጠፍቶ ነበር። ያ ጦር ሌላውን ሕዝብ ብቻ ሳይሆን የራሱንም ሰው ይበላ እንደ ነበር ማስረጃው ከመሬት ወጣ። በ2001 የአገሪቱ ፍርድ ቤት ይህን መዝገብ ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሰርብ «ሚሎሼቪች ጠባቂያችን ነበር» ከማለት ይመለስ ነበር!

በሄግ በኩልስ? ነገሩ በፌብሩዋሪ 2002 መታየት ጀመረ። ሚሎሼቪች ጠበቃ አልቀበልም ብሎ ራሱ ተከራከረ። ክርክሩ በቴሌቪዥን ወደ ቤልግሬድ ይተላለፍ ነበር። ዳኞቹ ፊት ለፊቱ ቢቀመጡም እሱ ይናገር የነበረው ከዳኞቹ ጋር ሳይሆን አገር ቤት ሶፋ ላይ ከተቀመጠው ተመልካች ጋር ነበር። ምስክር ሲያዋክብ፣ ኔቶ በ1999 ስለ ጣለው ቦምብ ሲጠይቅ፣ ብዙ ሰው እንደ ኳስ ጨዋታ ነጥብ ይቈጥርለት ጀመር። የሞቱት ሰዎች ስም ግን በባዕድ አገር፣ በአስተርጓሚ አፍ፣ በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ቀረ።

ውጤቱ በምርጫ ሣጥን ታየ። በዲሴምበር 2003 ምርጫ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው የአክራሪዎቹ ራዲካል ፓርቲ ነው፤ ከ250 ወንበር 82ቱን ወሰደ። የፓርቲው መሪ ሼሼል ያን ጊዜ ራሱ በሄግ እስረኛ ነበር። በሶሻሊስቶቹም ዝርዝር ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው የሚሎሼቪች ስም ነው፤ 22 ወንበር አገኙ። ኮሽቱኒሳ በ2004 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን መንግሥቱ በፓርላማ የቆመው በእነዚሁ ሶሻሊስቶች ድጋፍ ነበር። ይህን አንድ ጊዜ ደግመን እናስብ፦ ሚሎሼቪችን በምርጫ የጣለው ሰው የሚሎሼቪች ፓርቲ ካልደገፈው መንግሥቱ የማይቆምበት ደረጃ ላይ ደረሰ።

ማርች 11 ቀን 2006 ሚሎሼቪች በእስር ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከአራት ዓመት ክርክር በኋላ ፍርድ ሳይሰጥ መዝገቡ ተዘጋ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በቤልግሬድ አደባባይ ብዙ ሺህ ሰው ተሰብስቦ ተሰናበተው፤ በትውልድ ከተማው በፖዣሬቫትስ በቤቱ ግቢ ተቀበረ። ጥፋተኛ አልተባለም፤ ንጹሕም አልተባለም። ሰውየው ሄደ፤ ነገሩ ግን ቀረ።

ታዲያ «አይከሰስ» የሚሉት ወገኖች ይህን አንብበው «አላልንም ወይ?» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። እስቲ እነሱም ይመልሱልኝ። በኤፕሪል 1999 በዳኑብ ወንዝ ውስጥ አንድ የማቀዝቀዣ ካሚዮን ተንሳፎ ተገኘ፤ ሲከፈት የኮሶቮ አልባኖች ሬሳ ሞልቶበት ነበር። ወሬው ታፈነ። በ2001 ሲወጣ፣ ከቤልግሬድ አጠገብ ባታይኒሳ በሚባለው የፖሊስ ማሠልጠኛ ቦታ የጅምላ መቃብር ተቈፈረ፤ በጠቅላላው ከ700 በላይ ሰዎች ዐጽም ወጣ። ከዋና ከተማው ደጃፍ! ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩበት። ለእነዚህ ሰዎች ወላጆችና ልጆች «ለአገር ሰላም ሲባል ዝም በሉ» የሚል ማን ነው? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።» ዝም የተባለ መቃብር ሰላም አያመጣም፤ ለሚቀጥለው ጦርነት ስንቅ ይሆናል እንጂ። ሚሎሼቪች ራሱ የስድስት መቶ ዓመት ቍስል ቀስቅሶ አይደለም ወይ የተነሣው?

ስለዚህ ጥፋቱ ከክሱ ላይ አይደለም፤ ክሱን የያዙበት እጅ ላይ ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ ሌላ ነገር እዚያው ሰርቢያ ሆኗል። በጁን 2005 በሚሎሼቪች ችሎት ላይ አንድ ፊልም ታየ። «ጊንጦቹ» የሚባሉ የሰርብ ታጣቂዎች በ1995 ከስሬብሬኒሳ የተያዙ ስድስት ሙስሊም ወንዶችን፣ ገና ለጋ ወጣቶች ያሉባቸውን፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አስረው ሲገድሉ ራሳቸው ያነሡት ፊልም ነው። በሰርቢያ ቴሌቪዥን ሲታይ አገሩ ደነገጠ። በቀናት ውስጥ የሰርቢያ ፖሊስ ከገዳዮቹ አንዳንዶቹን ከየቤታቸው ያዘ፤ በ2007 የቤልግሬድ የጦር ወንጀል ችሎት በአራቱ ላይ ፈረደ። ይህ ችሎት የተቋቋመው በ2003፣ ጂንጂች ከሞተ በኋላ ነው። በዚህ ፍርድ ምክንያት መንግሥት አልወደቀም፤ ማንም አልተገደለም። ምክንያቱም ሰው ያየው በዓይኑ ነው፤ የፈረደው የራሱ ዳኛ ነው፤ የሰማው በራሱ ቋንቋ ነው።

ይህም ቢሆን ሁሉን አላዳነም። በማርች 2010 የሰርቢያ ፓርላማ የስሬብሬኒሳን ወንጀል ሲያወግዝ ውሳኔው ያለፈው በ127 ድምፅ ብቻ ነው፤ «ዘር ማጥፋት» የሚለው ቃልም አልተጻፈበትም። ሄግ ከከሰሳቸው 161 ሰዎች መካከል ግን በ2011 ያልተያዘ አንድም አልቀረም። ካራጂችን በ2008፣ ምላዲችን በ2011 ይዞ ያስረከበው መንግሥት ሶሻሊስቶችም የገቡበት መንግሥት ነበር። ይኸውም የሚሎሼቪች የራሱ ፓርቲ ማለት ነው! ጊዜና የአውሮጳ ማኅበር ተስፋ ያደረጉት ነው፤ ልብ ያደረገው ግን አይመስለኝም። ሰዎቹ በሙሉ ሄደው፣ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ በየቡና ቤቱ ያከራክራል።

ደግሞም የሰርቦች ጠባይ ብቻ ነው እንዳንል ማዶውን እንይ። የኮሶቮ ፕሬዚዳንት የነበረው ሃሺም ታቺ በጦር ወንጀል ተከሶ በ2020 ሥልጣኑን ለቅቆ ወደ ሄግ ሄደ፤ በኤፕሪል 2023 ነገሩ መታየት ሲጀምር በፕሪሽቲና ብዙ ሺህ ሰው ለእሱ ተሰለፈ። በሩቅ ምሥራቅ ደግሞ የፊሊፒንስ ቀዳሚ ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ በማርች 2025 በማኒላ ተይዞ በዚያው ቀን ወደ ሄግ ተላከ፤ ከሁለት ወር በኋላ፣ እስር ቤት ተቀምጦ፣ በከተማው በዳቫኦ ከንቲባነት በከፍተኛ ድምፅ ተመረጠ። ክሱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። ሕዝቡ ያልተካፈለበት ክስ ተከሳሹን ሰማዕት ያደርገዋል።

እንግዲህ ለመምህሬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የቀድሞ መሪውን ለፍርድ የሚያቀርብ አገር ከሰውየው በፊት ሦስት ነገር ማዘጋጀት አለበት። አንደኛ፣ መሪው ይጠቀምበት የነበረውን ጠመንጃ ይፍታ፤ አለቃን አስሮ ሎሌውን ከነመሣሪያው መተው ራስን ማስገደል ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉን አስቀድሞ በሸንጎ ይጨርስ፤ የሕግ መፍረስን ለመቅጣት የሚነሣ ሰው ሕግ እያፈረሰ ቢሄድ ተከሳሹን ጠበቃ ሳይከፍል ያስጠብቀዋል። የፌዴራሉ ፓርላማ አባላት በ2002 ያወጡትን ሕግ በ2001 ሊያወጡት ይችሉ አልነበረም ወይ? ይችሉ ይሆናል፣ አይችሉም ይሆናል፤ ቢያንስ ክርክሩ በሕዝብ ፊት ይሆን ነበር። ሦስተኛውና ትልቁ፣ እውነቱን ለሕዝቡ በቋንቋው ይንገረው። ባታይኒሳ ያለውን መቃብር እያዩ ሰውየውን በገንዘብ ብክነት መክሰስ ምን ማለት ነው? ሰርቦች ከራሳቸው ዐቃቤ ሕግ የሰሙት «ዘረፋችሁ» የሚል ነው፤ «በስማችሁ ገደለ» የሚለውን የሰሙት ከባዕድ ነው። በባዕድ አፍ የተነገረ እውነት ደግሞ እንደ ጠላት ወሬ ይቈጠራል።

ጂንጂችን አልወቅሰውም። የደፈረውን የደፈረ አልነበረም፤ ዋጋውንም በሕይወቱ ከፍሏል። ኮሽቱኒሳንም «ሕግ ይከበር» በማለቱ አልነቅፈውም። የምነቅፈው «እዚሁ እንፍረድበት» እያለ በሥልጣኑ ሳለ የጦርነቱን መዝገብ እዚያው አለማስከፈቱን ነው። አንዱ ፍርዱን ወደ ውጭ ላከው፤ ሌላው ሕግን ጠራ እንጂ ፍርዱን አልጀመረውም። በሁለቱ መካከል ሕዝቡ ፍርድ ሳያይ ቀረ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ልቤ ወደ አገራችን መሄዱን አልደብቅም። እኛ በዚህ ነገር ከሰርቢያ የቀደምን ነበርን። የደርግ ባለሥልጣኖች ነገር በአዲስ አበባ መታየት የጀመረው በ1994 ነው። ክሱ በጦር ወንጀል ሳይሆን በዘር ማጥፋትና በግድያ ነበር፤ በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በፖለቲካ ቡድን ላይ የሚፈጸመውንም ግድያ በዘር ማጥፋት ይቈጥረው ስለ ነበር በራሳችን ሕግ፣ በራሳችን ዳኞች፣ በራሳችን ቋንቋ ተሟገትን። ዋናው ተከሳሽ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን በዚምባብዌ ነበሩ፤ በ2006 ጥፋተኛ የተባሉት በሌሉበት ነው። እዚያ ሰውየው ሄዶ ፍርድ ቀረ፤ እዚህ ፍርድ ተሰጥቶ ሰውየው ቀረ።

የሚያሳዝነኝ ግን ይህ አይደለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት የፈጀው ያ መዝገብ ስንት ምስክር፣ ስንት ሰነድ፣ ስንት የእናት ዕንባ ይዟል! ከእኛ መካከል አንድ ገጹን ያነበበ ማን ነው? ስለ ቀይ ሽብር የምናውቀው ከአጎቶቻችን ጨዋታና ከየቤታችን ዝምታ ነው። በራስ ዳኛ መፍረድ ብቻውን ፍርዱን የራስ አያደርገውም ማለት ነው፤ የሚያነበው፣ የሚያስተምረው፣ የሚከራከርበት ትውልድ ያስፈልገዋል። ዛሬም ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ በኤፕሪል 2024 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የሚባል በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ «ማን ይከሰስ?» የሚል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። «የትኛው ጠመንጃ ይፈታ? በየትኛው ሕግ ይታይ? እውነቱስ ለማን፣ በምን ቋንቋ ይነገር?» የሚለውን ካሁኑ መጠየቅ የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው።

በሚቀጥለው የክርክር ምሽት ርእሱ እንደ ገና ቢመጣ ያው ወገን እሰለፋለሁ። አሁንም «ይከሰስ» እላለሁ። ጭብጨባው ግን ቢቀንስብኝ አይከፋኝም፤ ንግግሬ ከፊተኛው ረዘም ያለና ብዙ ጣጣ የሞላበት ይሆናልና። በዚህ የማይስማማ ጓደኛ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እኔ አነባለሁ።